ሰባ ለስልሳ ስምንት

ረቡዕ ሰኔ 16 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በለንደኑ ዊምብልደን 18ኛ ሜዳ ላይ የነበረው የውጤት ሰሌዳ 47 ለ47 ላይ ደርቆ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ ጭራሹን ጠፋ። ነገሩ ብልሽት አልነበረም። የሠሩት ባለሙያዎች ከ47 በላይ እንዲቆጥር አላዘጋጁትም። ማንስ ያዘጋጀዋል? በወጉ ስድስት የደረሰ በሚያሸንፍበት ጨዋታ እስከ አርባ ሰባት መፍቀዳቸው ራሱ ለጋስነት ነው።

ሰሌዳው ቢጠፋም ዳኛው ከፍ ባለው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መቁጠሩን ቀጠለ። ሞሐመድ ላህያኒ ይባላል፤ ትውልዱ ሞሮኮ፣ ዜግነቱ ስዊድን። አርባ ስምንት ለአርባ ሰባት። አርባ ስምንት እኩል። አርባ ዘጠኝ ለአርባ ስምንት። ድምፁ ውስጥ መሰልቸት አይሰማም። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ኳስ ወደ ሰማይ እየወረወሩ ይመታሉ። አንደኛው አሜሪካዊው ጆን ኢዝነር ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ በዚያ ሰዓት እግሮቹን ከመጎተት በቀር ሌላ የሚችለው ነገር ያለ የማይመስል። ሌላኛው ፈረንሳዊው ኒኮላ ማዩ ነው፤ እሱ ጭራሽ ኳስ ለማዳን ሣሩ ላይ ራሱን ይወረውራል። ሜዳው 800 ሰው እንኳ አይዝም። ወንበር ያጣው ተመልካች በአጥሩ ዙሪያና በአጠገቡ ባለው ሕንፃ በረንዳ ላይ ተደርድሯል።

ጨዋታው የተጀመረው በዋዜማው ማክሰኞ፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ዙር ግጥሚያ ነው፤ ጋዜጠኛ የማያይዛጋበት ዓይነት አልነበረም። ኢዝነር ቅድሚያ ደረጃ ከተሰጣቸው ተጫዋቾች 23ኛው ነበር። ማዩ ደግሞ ወደ ዋናው ውድድር የገባው በማጣሪያ ነው። ከማጣሪያዎቹ አንዱን ያሸነፈው በመጨረሻው ምዕራፍ 24 ለ22 ስለነበር፣ የሚመጣው ነገር አስቀድሞ ጥላውን ጥሎበት ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጣጣ ላንሳ። ፈረንጆቹ የጨዋታውን ትልቅ ክፍል የሚጠሩበት ስም በፊደላችን ሲጻፍ «ሴት» ይሆናል። «ኢዝነር የመጀመሪያዋን ሴት ወሰደ፤ ማዩ ሁለተኛዋን ነጠቀው» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ የስፖርት ገጽ መሆኑን ይረሳል። ስለዚህ «ምዕራፍ» እላለሁ። «ጌም»ን ግን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ማንንም አያሳስትም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አራት ነጥብ የወሰደ፣ በሁለት ከበለጠ፣ አንድ ጌም ያገኛል፤ ነጥቦቹ በልማድ 15፣ 30፣ 40 እየተባሉ ይጠራሉ። ስድስት ጌም የወሰደ፣ እሱም በሁለት ከበለጠ፣ አንድ ምዕራፍ ያገኛል። በታላላቆቹ አራት ውድድሮች ወንዶች ለማሸነፍ ሦስት ምዕራፍ፣ ሴቶች ሁለት ምዕራፍ መውሰድ አለባቸው። ጣጣው ሁሉ ያለው «በሁለት ከበለጠ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። ስድስት እኩል ሲሆኑ ታይ ብሬክ የሚባል አጭር መለያ አለ። በዚያ ዘመን በዊምብልደን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን መለያ አልነበረም። አንዱ በሁለት ጌም እስኪበልጥ ድረስ ይቀጥላል። ካልበለጠስ? ይቀጥላል።

በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ይህን መቀበል ያስቸግራል። እግር ኳስ ሰዓት አለው። ሁለት ለዜሮ እየመራህ 85ኛው ደቂቃ ላይ ከሆንክ ኳሷን ወደ ማዕዘን ወስደህ በጀርባህ ትሸፍናታለህ፤ በረኛህ ጫማውን ያስራል፤ አንዱ ተጫዋች ይወድቅና ቃሬዛ ይጠራል። ሩጫም ቢሆን መጨረሻው ይታወቃል። ሲድኒ ላይ በ2000 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው) ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በመቶኛ ሰከንዶች፣ በዘጠኝ መቶኛ ብቻ ነበር። ግን ሃያ አምስተኛው ዙር የት እንደሚያልቅ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ያላቸውን ሁሉ የሚያወጡበት መስመር መሬት ላይ ተሰምሯል። በቴኒስ ግን መስመሩ የተሰመረው ኳስ እንዳይወጣ እንጂ ጨዋታ እንዲያልቅ አይደለም። የመጨረሻዋን ነጥብ አንተ ራስህ መውሰድ አለብህ፤ ጊዜ አይወስድልህም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ አፈር ያለበት ሜዳ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያስተማሩኝ ደግሞ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። 5 ለ2 እየመራሁ ነበር። በልቤ ሻወር ገብቻለሁ፤ ማኪያቶውን አዝዣለሁ። ወንበር ላይ ውኃ ስንጠጣ፣ ለአክብሮት ያህል፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ደከሙ መሰለኝ» አልኳቸው። ፎጣቸውን አጠፉና «ልጄ፣ ገና አላለቀም፤ ጨርሰውና እንነጋገራለን» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ኳሷን ከታች እየከረከሙ፣ ዝቅ አድርገው፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይልኩልኝ ጀመር። እኔ ለመጨረስ ስቸኩል ኳሱ ከመስመር እያለፈ አጥር ይመታል። 7 ለ5 ተሸነፍኩ። ማኪያቶውን እኔ ከፈልኩ።

ኳሱ አጥር የሚመታበት ምክንያት ስንፍናዬ ብቻ አልነበረም፤ ከተማውም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትቆማለች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚበረውን ኳስ በደንብ አይዘውም። በተጨማሪም በኳሱ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲነጻጸር ስለሚበረታ፣ መሬት ሲነካ ከልክ በላይ ይነጥራል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚካሄድ ጨዋታ የከፍታ ኳስ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። የተለመደውን ኳስ ይዞ ከቆላ ለመጣ እንግዳ ጥሩ የመሰለው ምት ሁሉ ሲወጣበት ማየት ያስቃል። በ2,850 ሜትር ላይ ባለችው በኪቶ የተካሄደውን የባለሙያዎች ውድድር ከ2015 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ቪክቶር ኤስትሬያ ቡርጎስ ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ 34 ዓመቱ ነበር። ቀጭን አየር የሽማግሌ ወዳጅ ነው እላለሁ። ጋሼም ያውቁታል።

ወደ 18ኛው ሜዳ እንመለስ። እዚያ ችግሩ ከፍታ ሳይሆን ሰርቪስ ነው። ሰርቪስ የቴኒስ ብቸኛው ምት ነው፣ ማንም ሳያጣድፍህ፣ ኳሱን በእጅህ ይዘህ፣ በራስህ ጊዜ የምትመታው። የሜዳው ርዝመት 23 ሜትር ከ77 ሳንቲ ነው። እንደ ኢዝነር ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች ሲመታው፣ ኳሱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ሣር ላይ ሲሆን ደግሞ ዝቅ ብሎ ይንሸራተታል። ተቀባዩ ራኬቱን ሳያስነካው የሚያልፈው ሰርቪስ «ኤስ» ይባላል። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ጨዋታ የተመዘገበው ትልቁ የኤስ ቁጥር 78 ነበር። ኢዝነር 113 መታ። ማዩ 103። ሁለቱም በየፊናቸው የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ አንደኛው ግን በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ሁለተኛ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ውብ አልነበረም። ስለ ጽናት ብዙ ተጽፎለታል፤ ተገቢ ነው። ግን አብዛኛው ሰዓት የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ሰርቪስ፣ አጭር ምልልስ ወይም ምንም፣ እንደገና ሰርቪስ። በከፍተኛ ደረጃ የወንዶች ቴኒስ የራስን ሰርቪስ ጌም ማሸነፍ ደንቡ ነው፤ የሌላውን መስበር ልዩ ክስተት ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ይህንን ደንብ እስከ መጨረሻው ጥጉ ገፉት። በሁለተኛው ምዕራፍ ማዩ አንዴ ከሰበረ በኋላ፣ ለ168 ተከታታይ ጌሞች ማንም ማንንም አልሰበረም።

ነገር ግን በዚህ ድግግሞሽ ውስጥ ከቁጥሩ የማይታይ አንድ ግፍ ተደብቋል። በአምስተኛው ምዕራፍ ቀድሞ ሰርቪስ የመታው ኢዝነር ነበር። እሱ የራሱን ጌም ባሸነፈ ቁጥር ማዩ ከኋላ ሆኖ ይነሳል፤ ይህን ጌም ካላሸነፈ ጨዋታው ያልቃል፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። ኢዝነር ቢሰበር ኖሮ ገና አንድ ዕድል ነበረው። ማዩ ግን አልነበረውም። ከ5 ለ4 ጀምሮ ያንን የሞት አፋፍ 64 ጊዜ ቆመበት፤ 64 ጊዜም ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጨዋታ ተጫወቱ ይባላል እንጂ የተሸከሙት ሸክም አንድ አልነበረም። ጋሼን ባስታወስኩ ቁጥር ኢዝነርን ሳይሆን ማዩን የማስበው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ማታ የተቋረጠው ጨዋታ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ላይ ቀጥሎ ነበር። ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ምሽት 3 ሰዓት ከ9 ላይ፣ 59 ለ59 ሆነው ለሁለተኛ ጊዜ ተቋረጠ። ላህያኒ ያን ሁሉ ሰዓት ወንበሩ ላይ ነበር። አምስተኛው ምዕራፍ ብቻውን እስከዚያን ቀን ከተመዘገቡት ጨዋታዎች ሁሉ ረዝሟል፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን በ2004 ፓሪስ ላይ የተመዘገበው 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነበር።

ሐሙስ ንግሥት ኤልሳቤጥ ወደ ዊምብልደን መጡ። ከ1977 ወዲህ እግራቸውን አልጣሉበትም ነበር። በሌላ ዓመት ቢሆን የቀኑ ወሬ እሳቸው ብቻ በሆኑ፤ በዚያ ቀን ግን ግማሹ ሕዝብ ዓይኑ 18ኛው ሜዳ ላይ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ተጀመረ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ፣ 69 ለ68፣ ማዩ ለ65ኛ ጊዜ ለመትረፍ ሰርቪስ ይዞ ቆመ። ኢዝነር ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀረው። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ እዚህ ደርሶ ተመልሷል። ማዩ ወደ መረቡ ሲቀርብ ኢዝነር በኋላ እጁ መስመሩን ተከትሎ አሳለፈበትና ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘረረ። 6 ለ4፣ 3 ለ6፣ 6 ለ7፣ 7 ለ6፣ 70 ለ68። 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። 183 ጌም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው የጨረሰው፤ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሊሮጠው ትንሽ የሚቀረው ጊዜ ማለት ነው።

አሁን ወደማይታመነው ቁጥር እንሂድ። በሦስቱ ቀናት 980 ነጥቦች ተጫውተዋል። ኢዝነር 478 ወሰደ። ማዩ 502። የተሸነፈው ሰው በሃያ አራት ነጥብ ይበልጣል። ሩጫ ቢሆን፣ እግር ኳስ ቢሆን፣ ምርጫ ቢሆን ማዩ አሸናፊ ነው። በቴኒስ ግን በማይረባ ጌም ላይ የወሰድከው ነጥብ ወደሚቀጥለው ጌም አይሻገርልህም። እያንዳንዱ ጌም ሲያልቅ ሒሳቡ ይጠፋል፤ ባለሀብቱና ድሃው እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ነጥብ ወሰድክ ሳይሆን የትኛዋን ወሰድክ ነው።

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ አይደለም። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር በኖቫክ ጆኮቪች ላይ 218 ነጥብ ወስዶ፣ ጆኮቪች 204 ወስዶ፣ ዋንጫው የጆኮቪች ሆነ። ፌደረር በአምስተኛው ምዕራፍ 8 ለ7 እየመራ፣ 40 ለ15፣ ሰርቪሱ በእጁ ነበር። አንዲት ነጥብ። ሁለት ዕድል። ሁለቱም አመለጡ። ይኸው ሰው በ2024 አሜሪካ ውስጥ በዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሲናገር የራሱን ሒሳብ አወጣላቸው፦ ከተጫወታቸው 1,526 የነጠላ ግጥሚያዎች 80 በመቶ ያህሉን አሸንፏል፤ ከነጥቦቹ ግን ያሸነፈው 54 በመቶ ብቻ ነው። ከዓለም ምርጦች አንዱ በየሁለቱ ነጥብ አንዱን ሊያጣ ምንም ያህል አልቀረውም። እኔ በበኩሌ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያመለጠኝን ኳስ ቆሜ መርገም ትቻለሁ። ማለት፣ ቀንሻለሁ።

ለኢዝነር ድሉ ምን ሰጠው? በማግስቱ ዓርብ ከሆላንዳዊው ቲሞ ደ ባከር ጋር ለሁለተኛው ዙር ቀረበ። 6 ለ0፣ 6 ለ3፣ 6 ለ2፤ 74 ደቂቃ ብቻ። 113 ኤስ የመታው ክንድ በዚያ ቀን አንድም አልመታም። በዚህ ዓይን ካየነው ከ18ኛው ሜዳ አሸንፎ የወጣ ሰው የለም፤ አንዱ ሐሙስ፣ ሌላው ዓርብ ተሸነፈ።

ሕጉን ለመቀየር ያወዛገበውም ይኸው ነው። ጨዋታ ማለቂያ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር አዲስ አልነበረም። በ1969 በዚያው በዊምብልደን የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌዝ ቻርሊ ፓሳሬልን በ112 ጌም፣ በሁለት ቀን፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ተጫውቶ አሸንፎት ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 24 ለ22 ነው። ለዓመታት ስለ አጭር መለያ ሲወተውት የነበረው የኒውፖርቱ ባለጸጋ ጂሚ ቫን አለን በማግስቱ ዓመት ሰሚ አገኘ፤ የአሜሪካ ኦፕን በ1970 ታይ ብሬክን አስገባ። ዊምብልደን በ1971 ተከተለ። ግን እንግሊዞች የመጨረሻውን ምዕራፍ አንነካውም አሉ። መጨረሻው ሰው ለሰው ይለይ የሚል ኩራት ነበራቸው።

ኩራቱን የሰበረውም ያው ሰው ነው። በ2018 ግማሽ ፍጻሜ ኢዝነር ከደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን አንደርሰን ጋር 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ተጫውቶ በአምስተኛው ምዕራፍ 26 ለ24 ተሸነፈ። አንደርሰን በፍጻሜው እግሩን እየጎተተ ቀረበ፤ በሦስት ምዕራፍ ተሸኘ። በቀጣዩ ዓመት ዊምብልደን 12 እኩል ሲሆን መለያ ይሁን አለ፤ የፌደረርና የጆኮቪች ፍጻሜ ያለቀው በዚያ ሕግ ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ አራቱም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ሕግ ተስማሙ፦ በመጨረሻው ምዕራፍ ስድስት እኩል ከሆነ፣ አስር ነጥብ ቀድሞ፣ በሁለት በልጦ የደረሰ ያሸንፋል። 70 ለ68 እንግዲህ ለዘላለም አይሰበርም። ክብረ ወሰኑን የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ደንብ ነው።

መቀየሩ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። ተጫዋቹ ለነገ ማሰብ አለበት፤ ቴሌቪዥኑም መርሐ ግብር አለው፤ ሰርቪስ ብቻ የሚታይበት ስምንት ሰዓት ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን የቅዳሜው ሜዳችን ላይ እስካሁን መለያ የለንም። ጋሼ አይፈቅዱም። «ለምን ትቸኩላላችሁ? ኳስ አላለቀ፣ ፀሐይ አልጠለቀ» ይላሉ። ዳኛም የለንም፤ ወጣ ገባውን የሚፈርደው ኳሱ የወደቀበት ወገን ያለው ተጫዋች ራሱ ነው። አፈሩ ላይ የቀረውን የኳስ አሻራ በራኬታቸው ጫፍ ይከብቡና «ና እየው» ይሉኛል። ወጥቶባቸው ከሆነም እንዲሁ ነው። ሄጄ አይቼ አላውቅም።

ማዩ በነጠላው ትልቅ ዋንጫ አላነሳም። በጥንድ ግን ከአገሩ ልጅ ከፒየር ኡግ ኤርቤር ጋር አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች አሸንፏል፤ ዊምብልደንን በ2016። በ18ኛው ሜዳ ግድግዳ ላይ የሁለቱን ስምና ያንን ውጤት የያዘ ሰሌዳ ተለጥፏል። እነሱን ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በ2011፣ በዚያው ውድድር፣ በዚያው የመጀመሪያ ዙር ዕጣ እንደገና አገናኛቸው። ዓለም ትንፋሹን ዋጠ። ኢዝነር በሦስት ምዕራፍ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ አሸነፈ። አንዳንድ ነገር ሁለቴ አይሆንም።

ኢዝነር የነጠላ ጨዋታውን የዘጋው በ2023 በኒው ዮርክ ነው። ከአገሩ ልጅ ከማይክል ሞ ጋር ነበር፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች ወስዶ ይመራል። ሞ ሦስተኛውን በመለያ ነጠቀው፤ አራተኛውን ጨመረ። በአምስተኛው ስድስት እኩል ሆኑ። የድሮው ሕግ ቢሆን ከዚያ ወዲያ ማን ያውቃል፤ ኢዝነር ሰርቪስ አለውና ሌሊቱ ሊነጋ ይችል ነበር። አዲሱ ሕግ ግን እስከ አስር ብቻ ይቆጥራል። ሞ 10፣ ኢዝነር 7። ሰሌዳው አልጠፋም።